የሀኪሙ ነጭ፣ የፈትያ ሮዝ

አስራ ስምንት ማዞሪያ ወርደው ወደ ውስጥ ሲገቡ አንዲት ጠባብ የሻሽና የሂጃብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ዙቤዳ ትባላለች። ዙቤዳ ጨርቅ ለመለየት ዓይን አያስፈልጋትም። በሁለት ጣቶቿ መሀል አንዴ ሸርተት ካደረገችው የየት አገር እንደሆነ፣ ስንቴ ታጥቦ እንደሚለቅ፣ አልፎ አልፎም ያመጣው ነጋዴ ምን ዓይነት ፀባይ እንዳለው ትነግርሃለች። መርካቶ ያሉ አከፋፋዮች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት "ዙቤዳ መጣች፣ የውሸቱን ደብቁት" ይባባላሉ እየተባለ ይወራል። አንድ ጨርቅ ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ፣ ግማሹ የቱርክ ግማሹ የዱባይ ማርካ ተሰፍቶበት በሁለት ዋጋ እንደሚሸጥ ከሷ በላይ የሚያውቅ ኮልፌ ውስጥ አልተወለደም። "ማርካ ለሚያነብ ሰው ነው የተሠራው፤ ለሚዳስስ ሰው አይደለም" ትላለች።

እንግዲህ ይህቺው ሴት ናት፣ አንዱን መድኃኒት በሁለት ማርካ እየዋጠች ልትሞትብን የነበረችው።

ነገሩ ከልቧ ይጀምራል። ልጅ ሳለች የያዛት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ልቧ ላይ ጠባሳ ጥሎባት ኖሮ፣ ወደ ሃምሳው ስትጠጋ ልቧ እንደታሰረች ዶሮ መራገብ ጀመረ። ሪፈር ተጽፎላት ትልቅ ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበሩ ውጪ የተሰለፈው ሕዝብ ግን ጅራቱ ጅማ ይደርስ ነበር። ስለዚህ አንድ ታክሲ ሰው ጭኖ እስኪነሳ በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ነገራት። ልቧ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ እንዳዘዘላት፣ የክኒኑ ልክ የሚታወቀው ደሟ በየጊዜው እየተመረመረ ስለሆነ ቀጠሮ እንዳታሳልፍ፣ ሌላ መድኃኒት ሳትጠይቅ እንዳትጨምር፣ ጎመን እንዳታበዛ። ከዚያ "ቀጣይ" አለ። ዙቤዳ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ስታስበው፣ ከዚያ ሁሉ ምክር አእምሮዋ ውስጥ ተጣብቆ የቀረው ጎመኑ ብቻ ነበር።

ጎመን ደግሞ ለዙቤዳ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ክትፎ ያለ ጎመን የሚቀርብበት ቤት እነሱ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት ነው። ቢሆንም ዙቤዳ ጎመንን ከግቢዋ አባረረች። ጓሮ የበቀለውን ነቀለች፤ በአረፋ እንኳ ክትፎው ብቻውን ቀረበና እንግዶች እርስ በርስ ተያዩ። ባሏ አነስ ጎመን ሲያምረው ጎረቤታቸው የኔነሽ ቤት ሄዶ፣ በር ዘግቶ፣ እንደ ሌባ ጎርሶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ይመለሳል። ዙቤዳም "መድኃኒቴን እንደኔ የሚጠነቀቅለት ሰው የለም" እያለች ትኮራለች። የፊቱን በር እንዲህ ስትጠብቅ የጓሮው በር ወለል ብሎ ነበር።

የጓሮው በር የተከፈተው መድኃኒቱ ከገበያ የጠፋ ጊዜ ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ያሉትን ፋርማሲዎች አዳረሰች። አንዱ የለም አለ፤ አንዱ አልቋል አለ፤ አንዱ ነገ ይመጣል ብሎ ነገን የትኛው እንደሆነ ሳይናገር ቀረ። ጨነቃትና የማዘዣውን ፎቶ ጂዳ ለምትሠራው ልጇ ለፈትያ ላከችላት። ፈትያ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ለራሷ የራስ ምታት ክኒን ለመግዛት የምትወጣበት ሰዓት የላትም። እንደምንም ወጥታ ፈልጋ ገዛች፤ የሚመጣ ሰው እስክታገኝ ግን ጊዜ ሄደ። በመሀሉ መድኃኒቱ እዚሁ ተገኘ፤ ዙቤዳም ገዝታ መዋጧን ቀጠለች። ለፈትያ ግን "ተገኝቷል፣ ተይው" አላለቻትም። እንዴት ብላ ትንገራት። ልጅቷ ደክማ ገዝታለች።

እዚህ ላይ ስለ ሰፈራችን አንድ ሕግ መንገር ያስፈልጋል። ለጂዳ ክፉ ወሬ አይነገርም። ሰው አገር ያለ ልጅ አይረበሽም። ጎረቤት ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሐዘኑ ተረስቶ፣ ሚስቱ ሌላ ባል አግብታ እንኳ ለጂዳ "ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ይሻለዋል" ነው የሚባለው። ፈትያ በየሳምንቱ በኢሞ ስትደውል ዙቤዳ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን" ትላለች፤ ፈትያም "እኔም ደህና ነኝ" ትላለች፤ ሁለቱም ስልኩን ዘግተው ያለቅሳሉ። ከእንዲህ ያለ ሐቅ ውስጥ ነው እንግዲህ መድኃኒት የሚታዘዘው።

ዕቃው መጣ። ሳሙና፣ ሽቶ፣ ቸኮሌት፣ ከሥር የመድኃኒት ሳጥኖች። የሳጥኑ ስም ሌላ ነው፤ ክኒኑም እንደ ሀኪሙ ነጭ ሳይሆን ሮዝ ነው። ዙቤዳ በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ባልተሸወደች። ክኒን ግን ተዳሶ አይታወቅም። የሀኪሙ የሀኪሙ ነው፣ የፈትያ የፈትያ ነው አለች በልቧ፤ አንዱ ልቤን ይጠብቃል፣ ሌላው ልጄ ደክማ የላከችልኝ ነው፣ አልጥለውም። ጠዋት የሀኪሙን ነጭ፣ ማታ የፈትያን ሮዝ መዋጥ ጀመረች።

ከዓረብ አገር የመጣ ነገር ደግሞ ለብቻ አይበላም። ሳሙናው ለየኔነሽ፣ ቸኮሌቱ ለሰፈሩ ልጆች ሆነ። ዘነበወርቅ ሰፈር ያለችው የእህቷ ልጅ ሃፊዛ ቅር እንዳይላት ደግሞ ሽቶ ተላከላት፤ በቅርቡ ያገባችና ልብዋ ድው ድው የሚልባት ስለሆነችም ከሽቶው ጋር አንድ ስትሪፕ ሮዝ ክኒን ተመረቀላት። በኛ ሰፈር መድኃኒት እንደ ቆሎ ይዘገናል።

በየሳጥኑ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት ነበረች። ማንበብ ለቻለ ሰው ሁሉን ነገር ትናገራለች። ነገር ግን በዓረብኛ ናት። ዙቤዳ ደግሞ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት፣ ምንም ይሁን ምን፣ ቆሻሻ ውስጥ አትጥልም፤ መሬት ላይም አታስቀምጥም። እናቷ እንዲህ አላሳደገቻትም። ስለዚህ ወረቀቶቹን አንሥታ፣ አቧራቸውን ጠርጋ፣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ የቤቱ ከፍተኛው ቦታ ላይ አኖረቻቸው። ማስጠንቀቂያው ከዚያ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ያያታል፤ እሷ ከታች ሆና ትውጣለች።

በርግጥ አንድ ቀን ወርዶ ነበር። የአነስ ታናሽ ወንድም ኢብራር ልጅነቱን መድረሳ ያሳለፈ ነው፤ የቤቱ ዓረብኛ እሱ ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ ዙቤዳ አንዷን ወረቀት አውርዳ እስቲ ምን እንደሚል ንገረኝ አለችው። ኢብራር ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ በሚያምር ድምፅ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት፣ ከላይ እስከ ታች አነበነበው። ሰዉ ፀጥ ብሎ ሰማ። የኔነሽ እንኳ፣ ዓረብኛው ቀርቶ የራሷ ቤተክርስቲያን ስብከት ሲረዝም እንቅልፍ የሚጥላት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሲጨርስ ሁሉም አፍ አፉን ያየው ጀመር። ኢብራር ወረቀቱን አጠፈው።

"ጥሩ መድኃኒት ነው ይላል" አለ።

መጥፎ ነኝ የሚል የመድኃኒት ወረቀት በዓለም ታይቶ እንደማያውቅ ያሰበ ሰው አልነበረም። ወረቀቷም በክብር ወደ ቁምሳጥኑ ተመለሰች።

ለሐቅ ሲባል ዙቤዳ አልጠየቀችም አይባልም። ነጩን የምትገዛበት መድኃኒት ቤት ሮዙን ይዛ ሄዳ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ሳጥኑን እንኳ ሳይገለብጥ፣ እሷ ከዚህ ያልገዛችውን እሱ እንደማያውቅ፣ የታዘዘላትን እንድትወስድ ነገራት። ያዘዘው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። የኔነሽም ክኒኑን ፎቶ አንሥታ የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። መልሱ እንደ ሐምሌ ዶፍ ወረደ። አንዱ የእንቅርት ነው አለ። አንዷ እሷ ስትወስደው የነበረ የወሊድ መከላከያ መሆኑን በአላህም በክርስቶስም ማለች። ሌላው መሬት የሚሸጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። አንድ ሰው ደግሞ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥሎ ስለ ጤና የሚያወራ ሰውዬ ቪዲዮ ላከ፤ ለልብ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር ነው ይላል። ሰውዬው ሐኪም ይሁን የልብ ማዳመጫ ሻጭ የሚያውቅ አልነበረም። ዙቤዳ ነጭ ሽንኩርቱንም ጨመረችበት። ደሟ መድኃኒት ሳያንሰው ወጥ ተሠራበት።

ከዚያ ሰውነቷ መናገር ጀመረ። ጥርሷን ስትቦርሽ ድድዋ ይደማል። ታክሲ ላይ ክንዷን የበሩ ብረት ነካ ሲያደርገው፣ በማግስቱ እንደ በሰለ ዶቅማ ጠቁሮ ይገኛል። የሱቁ መደርደሪያ ጉንጯን ገጨት አደረጋትና ግማሽ ፊቷ ወይን ጠጅ ሆነ። ድካሙን ሥራ ነው አለችው። የቀጠሮዋ ቀን ደግሞ የሱቅ ዕቃ መጥቶላት ቀረች፤ ሁለት መድኃኒት የሚውጥ ሰው አንድ ቀጠሮ ቢያሳልፍ ምን ይሆናል ብላ።

ሰፈሩ ግን ዓይን አለው። ሂጃቧን ወደፊት ሳብ አድርጋ ጉንጯን ስትሸፍን አየ። ክንዷን አየ። እና በአንድ ድምፅ ፈረደ። አነስ እየደበደባት ነው።

አነስን የማያውቅ ይፍረድ። አነስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። ዝንብ ብታርፍበት "ይቅርታ እህቴ" ብሎ ቦታ የሚቀይር ነው። በሥራ ዘመኑ ሳይከፍል የተሳፈረ ሰው ሲያገኝ፣ ሰውዬው እንዳያፍር ብሎ ራሱ ይወርድ ነበር ይሉታል። ግን ዝምተኛ ሰው ላይ ወሬ ሲወጣ ዝምታው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። "እንዲህ ያለውን ነው መፍራት" ተባለ። ሱቁ በር ላይ ሰላም ሲል ሰላምታው አየር ላይ ይቀር ጀመር። የኔነሽ እንኳ ጎመን ከለከለችው። እሱም ምን እንዳጠፋ ሳይገባው፣ ሲያልፍ አንገቱን ይበልጥ ደፋ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈረደበት።

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የኔነሽ ቤቴል ያለ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ራዕይ የምትባል፣ አብራት መዘምራን ውስጥ ያለች ፋርማሲስት ታውቃለች። ክኒኑን ላሳያት ብላ አስባም ነበር። ቡጢ ነው ብላ ካመነች በኋላ ግን ክኒኑን ረሳችው። የውሸቱ መልስ ቀድሞ ሲገባ ለእውነተኛው ወንበር አልተረፈለትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌ ተላከ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይገዙ፣ ኢብራር ከቤተሰቡ በኩል፣ የኔነሽ ከሴቶቹ በኩል መጡ። አነስ ደስ አለው፤ ብዙ ቀን ሰው ቤቱ መጥቶለት አያውቅም ነበር። ጋሽ ይገዙ ስለ ትዳር ክብር፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ዕድሜ ረጅም ንግግር አደረጉና ወደ ጉዳዩ ገቡ።

"አነስ፣ እኛ ክስ ይዘን አልመጣንም። ግን ዓይን አለን።"

አነስ መሬት መሬት እያየ "ካጠፋሁ ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ። "ምን እንደሆነ ባላውቅም" ብሎ ጨመረበት፤ ያንን ግን ማንም አልሰማም፤ ሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ ነበር።

ዙቤዳ ለእንግዶቹ ለስላሳ ይዛ ስትገባ ነገሩ ገባት። ሳቀች። አነስ ትራሱን ለማስተካከል መታ መታ ሲያደርገው እንኳ ቢስሚላህ ብሎ እንደሆነ ነገረቻቸው። የተደበደበች ሴት ደግሞ እንደዚህ ነው የምትለው፤ ስትክድ ማስረጃ ሆነ፣ ስትስቅ ማስረጃ ሆነ። የኔነሽ እጇን ይዛ "ዙቤ፣ አትፍሪ፣ እኛ አለን" ማለት ጀመረች። በዚህ መሀል ነው የዙቤዳ አፍንጫ መድማት የጀመረው።

ማንም አልነካትም። ሁሉም እያያት፣ ዝም ብሎ ወረደ። አንድ ሻሽ አነሣች፤ ራሰ። ሌላ አነሣች፤ ራሰ። የምትሸጠውን ነጭ ሻሽ ገና ከላስቲኩ አውጥተው ሰጧት፣ እሱም ቀላ። ጋሽ ይገዙ ውሃ በግንባሯ አሉ፤ ውሃ ፈሰሰ፣ ደሙም ፈሰሰ። ዙቤዳ መሳቋን አቆመች። አነስ መሬት ላይ ተንበርክኮ እግሯን ይዞ ነበር፤ ለምን እግሯን እንደያዘ እሱም አያውቅም።

የኔነሽ አየቻት። አየችና፣ ወደ ጋሽ ይገዙ ዞረች።

"ይሄ የቡጢ ደም አይደለም" አለች። "የቡጢ ደም ይቆማል።"

ያኔ ኢብራር ከወንበሩ ተነሣ። ቁምሳጥኑ ላይ ወዳሉት ወረቀቶች አየና ዓይኑን ወደ ዙቤዳ መለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እትዬ ዙቤዳ፣ ያን ቀን ያነበብኩት አልገባኝም ነበር።"

"ምኑ?"

"ወረቀቱ። ፊደሉን ነው የማውቀው። ሁላችሁም አፍ አፌን ስታዩኝ..."

የኔነሽ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀችም። ነጩንም፣ ሮዙንም፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩንም፣ ቤት ውስጥ ክኒን የሚመስል የተገኘውን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ጨመረች፤ ወረቀቶቹን ኢብራር በሁለት እጁ ይዞ አወረደላት። ደሙ ጋብ ሲል ዙቤዳን በኮንትራት ታክሲ ጭነው፣ አነስን ከኋላ አስቀምጠው፣ በአየር ጤና አድርገው ወደ ቤቴል በረሩ። ወደ ሆስፒታል በቀጥታ መሄድ ነበረባቸው፤ ያኔ ግን ያሰቡት ክኒኑን ብቻ ነው።

ራዕይ ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ልጅ ናት፤ ችኮላ ግን የላትም። ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አስቀመጠችና ፊቷ ተለወጠ። ሳጥኖቹን ወደ ዙቤዳ ገፋ አደረገቻቸው።

"እትዬ፣ ይሄን ትልቁን ስም ይተዉት፤ ፋብሪካው ያወጣው ነው። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈችውን ይዩልኝ። የመድኃኒቱ ስም እሷ ናት።"

ዙቤዳ የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ጥለት ግን ታነባለች። ሁለቱን ትንንሽ ስሞች፣ የአንድ ጥበብ ሁለት ጠርዝ የምታመሳክር ይመስል፣ ቅርጽ በቅርጽ በጣቷ ተከተለቻቸው። የመጀመሪያው ከመጀመሪያው ገጠመ። ሁለተኛው ከሁለተኛው። መጨረሻ ድረስ ገጠመ።

"አንድ ጨርቅ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"አንድ ነው። ዋርፋሪን። እጥፍ ነው ሲወስዱ የቆዩት።"

ዙቤዳ ባንኮኒውን ይዛ ቆመች። ስንት ደንበኛ፣ ስንት ሙሽራ፣ "ማርካ አትዪ" ብላ መክራ የሸኘች ሴት ናት። ራዕይ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ስለ ጥቁር አዝሙዱ፣ ስለ ድዱ፣ ስለ ሰገራዋ ቀለም ጠየቀቻት፤ ጭንቅላቷን ተመትታ ታውቅ እንደሆነም ጠየቀቻት። ስለ ጎመኑ ስትሰማ ደግሞ ጎመን ክልክል አለመሆኑን፣ ሁልጊዜ በአንድ ልክ መብላት እንጂ ጨርሶ አቋርጦ መተውም የደሙን ልክ እንደሚያናጋ ነገረቻት። አነስ ከኋላ ሆኖ ሰማ። ቀጥላ አሁኑኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለባቸው፣ ከሁለቱ አንዱንም እንዳይውጡ፣ ሳጥኖቹን ግን ይዘው እንዲያሳዩ ነገረቻቸው። ሮዙን ሳጥን ስትዘጋ እጇ ቆመ።

"ከዚህ አንድ ስትሪፕ ጎድሏል። እሱንም ዋጡት?"

ዙቤዳ ሳጥኑን ተቀብላ ውስጡን አየች። ያኔ ነው ሃፊዛ ትዝ ያለቻት።

ስልክ ተደወለ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም አለ። ራዕይ ልጅቷ ምን ታማ እንደሆነ ጠየቀች፤ ልቧ ድው ድው ይላል ከማለት ሌላ ማንም አያውቅም። እርጉዝ ናት ወይ ብላ ስትጠይቅ ዙቤዳ ባንኮኒውን ለቀቀች። ሃፊዛ ካገባች ጀምሮ በየሶላቱ የምትለምነው ልጅ ነው። ራዕይ መድኃኒቱ ፅንስ እንደሚጎዳ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ዝቅ ማድረጓ ግን አልጠቀመም።

ዙቤዳ ሆስፒታል አልሄድም አለች። ራሷ ዘነበወርቅ ካልሄድኩ አለች። አፍንጫዋ እንደገና መድማት ሲጀምር ነው የተሸነፈችው።

"አነስ፣ አንተ ሂድ" አለችው። "ስትሪፑን በእጅህ ይዘህ ካልመጣህ መርፌ አልወጋም።"

አነስ ዘነበወርቅ ደረሰ። ወሬውም ቀድሞት ደርሷል። ወሬ ከታክሲ ይፈጥናል፤ ፌርማታ የለውም። ሃፊዛ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ ስታየው፣ ሸሚዙ ላይ የአክስቷ ደም አለ።

"ጋሼ፣ አክስቴን ምን አድርገዋት ነው የመጡት?"

አነስ እንደልማዱ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ዙቤዳ የላከችላትን ክኒን እንድትመልስለት ለመነ። እስቲ አስቡት። ሚስቱን ይደበድባል የተባለ ሰው ደም በደም ሆኖ መጥቶ፣ ሚስቱ የሰጠችውን ስጦታ መልሺ ይላል። በኛ ዘንድ የሰጡትን መልሶ የሚጠይቅ የሌባ ታናሽ ነው። ሃፊዛ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። በዕድሜው አንዴ ትክክለኛውን ወሬ ይዞ የመጣ ሰው፣ ወሬ ራሱ በር አስዘጋበት።

አነስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንኳኳ። የሚከፍት የለም። የግቢው ሰው በየመስኮቱ ወጣ። ከዚያ ያ ለዝንብ ቦታ የሚለቅ ሰው፣ ከእናቱ ማህፀን ሲወጣ እንኳ ድምፅ አሰማ የማይባለው ሰው፣ ብድግ ብሎ ጮኸ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ ተሰማ የሚሉ አሉ።

"ሃፊዛ፣ ክኒኑን አትዋጪው! እኔን ጥይኝ፣ እሱን ብቻ አትዋጪው!"

በሩ ተከፈተ። ሃፊዛ ስትሪፑን በሁለት ጣቷ፣ እንደ አይጥ ጭራ ይዛ ወጣች። ሙሉ ነበር። አንድም አልጎደለም።

አንዷ ቲክቶክ ላይ ከዓረብ አገር የሚመጣ ክኒን ሁሉ ሴት ያመክናል ስትል ሰምታ ፈርታ እንዳልዋጠችው፣ አክስቷ እንዳይከፋት ብላ ግን እየወሰድኩ ነው እንዳለቻት ነገረችው። አነስ ስትሪፑን ደረቱ ላይ ይዞ እዚያው ድንጋዩ ላይ አለቀሰ። ያቺ የቲክቶክ ሴት ምን እንደምታወራ አታውቅም። ያለችው ውሸት ነው። ያ ውሸት ሃፊዛን አተረፈ፤ የእውነተኛ ሐኪም እውነተኛ መድኃኒት ደግሞ ዙቤዳን ሊገድላት ነበር። እኔ ይህንን አስቤ እስካሁን አልጨረስኩትም። ቡና ቤት ተቀምጬ ሳወራው ሰዉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን መሳቢያዬን ከፍቼ ያሉኝን ክኒኖች አያለሁ፣ የግማሾቹን ስም አላውቀውም።

ዙቤዳ ሆስፒታል ተኛች። ደሟ ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ነበር፤ ሐኪሞቹ ትንሽ ብትዘገይ ወደ ጭንቅላቷ ሊፈስ ይችል እንደነበር ለየኔነሽ ነገሯት። መርፌ ተወጋች፣ ደም ተሰጣት፣ አልጋዋ አጠገብ አነስ ስትሪፑን በሸሚዝ ኪሱ እንደያዘ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አነስን ይቅርታ የጠየቀው ማንም የለም። ጋሽ ይገዙ ሊጠይቋት መጥተው "እኛ እኮ ድሮም አላመንም" ብለው ሙዝ ሰጥተውት ሄዱ። የኔነሽ ግን ጎመን በሳህን ይዛ መጣች፤ እጁ ላይ አኖረችለት።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ። ኢሞ ነው፤ ጂዳ። ፈትያ የምትደውልበት ቀን ነበር።

የኔነሽ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። አነስ ቶሎ ብሎ የዙቤዳን ሂጃብ ጉንጯ ላይ ሳብ አደረገላት፤ ከትራሷ ጀርባ ያለው የግሉኮስ ማንጠልጠያ እንዳይታይም ስልኩን ጠጋ አድርጎ ያዘው። ይህ ቤተሰብ ይህንን ሥራ ያውቅበታል። የፈትያ ፊት ስክሪኑ ላይ ተቆራርጦ መጣ። ደክሟታል፤ ፈገግ ብላለች። መድኃኒቱ እየተስማማት እንደሆነ ጠየቀች። ሌላ ሦስት ሳጥን ገዝታ ለምትመጣ ሴት እንደሰጠቻት፣ ሴትዮዋ ነገ እንደምትበር ነገረቻት።

"እማ፣ ደህና ነሽ አይደል?"

ዙቤዳ አፏን ከፈተች። አልሐምዱሊላህ ደህና ነን የሚለው ምላሷ ላይ ነበር፤ አነስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶታል። ከዚያ ሂጃቧን ከጉንጯ ላይ በእጇ ገለጠችው።

"ደህና አይደለሁም" አለች።

ፈትያ የምትቀልድ መሰላት፤ በዚህ ቤት እንደዚህ ተብሎ አያውቅም። ፈገግታዋ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ መስመሩ ተቋርጦ ይሁን ልጅቷ ደርቃ ለማወቅ አይቻልም ነበር። ዙቤዳ አነስን ሁለቱን ሳጥኖች አምጣ አለችው። ጎን ለጎን ስልኩ ፊት እንዲይዝላት አደረገች። የኔነሽም ከሥር ደገፈችለት።

"ትልቁን ተይው ልጄ" አለች ዙቤዳ። "ከሥሩ ያለችውን ትንሿን አንብቢልኝ። መጀመሪያ የሀኪሙን፣ ከዚያ ያንቺን።"

ፈትያ የመጀመሪያውን አነበበች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ ግማሹ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ኔትወርኩ ግን ደህና ነበር።